አንድ ገጽታ ለሦስት ላይብረሪ፦ የድረ ገጽን ቀለም፣ ፊደልና ልክ ከአንድ ምንጭ ማጋራት

በሀዋሳ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል መያዣ ሥርዓት ስንሠራ፣ በአንድ ድረ ገጽ የተጀመረው ሥራ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሦስት መልክ ያዘ። እንግዶች የሚያዩት የፊት ገጽ በቡትስትራፕ የተሠራ ነው፤ የእንግዳ ተቀባዮቹ ክፍል ዘግይቶ ሪአክት በሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ሲጻፍ በማቴሪያል ዩአይ ላይ ቆመ፤ የሒሳብ ሠንጠረዦቹ ደግሞ፣ አንት ዲዛይን በሠንጠረዥ በኩል የተሟላ በመሆኑ፣ በእርሱ ተሠሩ። ሦስቱም ላይብረሪ የሚባሉ፣ እንደ አዝራር፣ ሣጥንና ሠንጠረዥ ያሉ የገጽ ክፍሎችን አዘጋጅተው የሚያቀርቡ የኮድ ስብስቦች ናቸው። ሦስቱንም ክፍሎች የጻፍናቸው እኛው ስለሆንን ልዩነታቸው አይታየንም ነበር። አንድ ቀን ግን የማረፊያው ባለቤት ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይኸኛውም የእኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ስልኮች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ነበር፤ ሰማያዊው ግን አንድ አልነበረም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የቡትስትራፕ ዋና ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ሲጻፍ 13፣ 110፣ 253 ነው። የማቴሪያል ዩአይ 25፣ 118፣ 210 ሲሆን፣ የአንት ዲዛይን አምስተኛ ዕትም ደግሞ 22፣ 119፣ 255 ነው። ሦስቱም ቡድኖች በየፊናቸው ጥሩ ሰማያዊ መርጠዋል፤ ማናቸውም ግን የማረፊያውን ቀለም አልመረጡም። ከዚህ የተማርኩት ነገር የዚህ መመሪያ መነሻ ነው፦ ገጽታ የላይብረሪ ንብረት አይደለም። ገጽታ የቤቱ ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ ከማናቸውም ላይብረሪ ውጭ በአንድ ፋይል መጻፍ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ላይብረሪ በሚገባው አጻጻፍ መቀዳት አለበት። የአንዱን ላይብረሪ ገጽታ ወደ ሌላው ለመተርጎም የሚሞክር ሰው፣ እኔ እንደ ሞከርኩት ሁሉ፣ አንዱ በታደሰ ቁጥር ትርጉሙን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ልዩነቱን በዓይን ማየት

ኮድ ከመንካት በፊት አንድ የሙከራ ገጽ ይሠራል። በዚህ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ነገር በሦስቱም ላይብረሪዎች ተሠርቶ ጎን ለጎን ይቀመጣል፦ አንድ አዝራር፣ አንድ የጽሑፍ ሣጥን፣ አንድ የማስጠንቀቂያ መልእክት፣ አንድ ካርድና አንድ የሠንጠረዥ ረድፍ። ጽሑፉ የግድ ተጠቃሚው በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት፤ በማሳያ የላቲን ጽሑፍ የተሞላ ገጽ ለእኛ ሥራ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው።

የእኛን ገጽ «ክፍል ይያዙ» በሚል አዝራር ጀመርን። ምንም ሳይነካ የቡትስትራፕ አዝራር ቁመት 38 ፒክስል፣ የማቴሪያል ዩአይ 36.5 ፒክስል፣ የአንት ዲዛይን 32 ፒክስል ሆኖ ተገኘ። የጥግ ክብነቱ በቅደም ተከተል 6፣ 4 እና 6 ፒክስል ነው፤ የፊደሉ መጠን 16፣ 14 እና 14። ማውዝ ሲያርፍበት የሚሆነው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ነው፤ ነጭ ጽሑፍ በያዘ ሰማያዊ አዝራር ላይ ቡትስትራፕና ማቴሪያል ዩአይ ቀለሙን ሲያጠቁሩት፣ አንት ዲዛይን ያፈካዋል። ስለዚህ ዋናውን ቀለም ብቻ አንድ ያደረገ ሰው፣ እጁን አዝራሩ ላይ ባሳረፈ ቅጽበት ሦስት የተለያዩ ቤቶች ውስጥ መሆኑን መልሶ ያየዋል። እነዚህን ቁጥሮች ብራውዘሩ ራሱ በያዘው የመመርመሪያ መሣሪያ መለካትና በወረቀት ላይ ማስፈር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ኋላ የሚያድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ውሳኔዎቹን መሰየም

በሙያው «ዲዛይን ቶክን» የሚባለው፣ በሴልስፎርስ ኩባንያ የዲዛይን ሠራተኞች ዘንድ የተጀመረው ሐሳብ፣ ስም የተሰጠው አንድ የዲዛይን ውሳኔ ማለት ነው። የድርን ደንቦች በሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ሥር የተሰባሰበ አንድ የማኅበረሰብ ቡድን ለእነዚህ ቶክኖች የጋራ የፋይል አጻጻፍ ሲያዘጋጅ ቆይቶ የመጀመሪያውን የተረጋጋ ዕትም በ2025 አውጥቷል። አጻጻፉ ጄሶን የሚባል፣ ስምና ዋጋን አጣምሮ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቶክን በዶላር ምልክት የሚጀምሩ የዋጋና የዓይነት መስኮች ይኖሩታል። ትንሽ ሥራ ያለው ሰው ይህን አጻጻፍ በሙሉ መከተል ግድ ባይሆንበትም፣ ከጅምሩ ቢከተለው ወደፊት ሌሎች መሣሪያዎች ፋይሉን ያለ ችግር ያነቡለታል።

ቶክኖቹ በሁለት እርከን ይጻፋሉ። የመጀመሪያው እርከን ጥሬ ዋጋዎችን ይይዛል፤ ለምሳሌ የእኛ ባለቤት የመረጡት የሐይቁ አረንጓዴ-ሰማያዊ 15፣ 118፣ 110 ነው። ሁለተኛው እርከን ሥራን ይሰይማል፦ ዋና ቀለም፣ በዋና ቀለም ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ፣ ማውዝ ሲያርፍበት የሚሆነው ዋና ቀለም፣ የገጽ መደብ፣ የካርድ መደብ፣ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ፣ የጠርዝ መስመር፣ ስኬት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስሕተት። ላይብረሪዎቹ የሚያውቁት ሁለተኛውን እርከን ብቻ ነው። «የሐይቅ አረንጓዴ» የሚል ስም በየቦታው የጻፈ ሰው፣ ባለቤቱ ነገ ቡናማ ሲመርጡ ስሙ ሐሰት ይሆንበታል፤ «ዋና ቀለም» ግን ምንጊዜም እውነት ነው።

ቀለም ካልሆኑት ውስጥ የጥግ ክብነት፣ የመቆጣጠሪያዎች ቁመት፣ የክፍተት መሠረታዊ ልክ፣ የፊደል ቤተሰብ፣ የፊደል መጠንና የመስመር ቁመት ይበቃሉ። የእኛ ፋይል ሠላሳ ያህል ቶክን አለው። መቶ ሃምሳ ቶክን ጽፈው የሚጀምሩ ቡድኖችን አይቻለሁ፤ አብዛኛው ሳይነካ ስለሚቀር የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ ማንም አያውቅም። ሁለት ላይብረሪዎች በአንድ ነገር መለያየታቸው በዓይን ሲታይ ብቻ አዲስ ቶክን መጨመር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልኮችን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማቴሪያል ዩአይና አንት ዲዛይን የጥግ ክብነትን ያለ መለኪያ፣ በባዶ ቁጥር ይቀበላሉ፤ የድረ ገጽ መልክ የሚጻፍበት ሲኤስኤስ የሚባለው ቋንቋ ግን ፒክስል የሚለውን ይፈልጋል። ስለዚህ በምንጩ ፋይላችን ባዶውን ቁጥር ብቻ እንጽፋለን፤ መለኪያውን የሚጨምረው ለሲኤስኤስ የሚቀዳው ድልድይ፣ ማለትም ቶክኖቹን ከምንጩ ወስዶ ለተቀባዩ በሚገባው አጻጻፍ የሚያደርሰው ፋይል ነው።

ስም የሚቀበልና ዋጋ የሚፈልግ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ሁለት ቀን ያጠፋሁት እዚሁ ነው። የሲኤስኤስ ተለዋዋጮች፣ ማለትም ዋጋ የሚቀመጥባቸው ስሞች፣ ከ2017 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ስለሚሠሩ፣ ቀለሙን በአንድ ተለዋዋጭ ስም አስቀምጦ ያንኑ ስም ለሦስቱም ላይብረሪ መስጠት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ለማቴሪያል ዩአይ እንዲህ ሲደረግ ግን ቀለሙን አላውቀውም ብሎ ስሕተት ያወጣል። ቡትስትራፕ በተጻፈበት ሳስ በሚባል ቋንቋ ውስጥ ላለው ተለዋዋጭ ሲሰጥም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሲኤስኤስ ሲተረጎም (ኮምፓይል ሲደረግ) ይቆማል። አንት ዲዛይንም ከተለዋዋጭ ስም ትክክለኛ ቀለም ሊያወጣ አይችልም።

ምክንያቱ አንድ ነው። እነዚህ ላይብረሪዎች የተሰጣቸውን ቀለም እንዲሁ አይቀቡትም፤ ከእርሱ ሌሎች ቀለሞችን ያሰላሉ። ማቴሪያል ዩአይ ከዋናው ቀለም ፈካ ያለውን፣ ጠቆር ያለውንና በላዩ የሚጻፈውን የጽሑፍ ቀለም ያወጣል። አንት ዲዛይን ከአንድ የዘር ቶክን የቀለም ደረጃዎችን ያበቅላል፤ ራሱም ቶክኖቹን ዘር፣ ካርታና ተለዋጭ ስም ብሎ በሦስት እርከን ይከፍላቸዋል። ሒሳቡ የሚሠራው በጃቫስክሪፕት ወይም በሳስ ሲሆን፣ የተለዋዋጩ ዋጋ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ፣ ገጹ ብራውዘር ውስጥ ሲቀባ ነው። ዋጋው ገና ያልታወቀ ስም ላይ ሒሳብ መሥራት አይቻልም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ በእያንዳንዱ ላይብረሪ ፊት ይጠየቃል፦ ይህ ላይብረሪ የሰጠሁትን ይቀባል ወይስ ያሰላበታል? የሚቀባ ከሆነ የተለዋዋጭ ስም ይበቃዋል። የሚያሰላበት ከሆነ እውነተኛው ዋጋ ሊደርሰው ይገባል። ከዚህ የተነሣ የምንጩ ፋይል በሁለት መልክ ይቀዳል፤ አንደኛው በገጹ ሥር፣ ማለትም ሁሉን በሚይዘው ዋና ታግ ላይ፣ የሚጻፉ ተለዋዋጮችን የያዘ የሲኤስኤስ ፋይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንኑ በጥሬ ዋጋ የያዘ የጃቫስክሪፕት ፋይል ነው። ይህን ቅጂ የሚያወጣ ስታይል ዲክሽነሪ የሚባል፣ በአማዞን የተጀመረ ነፃ መሣሪያ አለ። ቶክኖቹ ጥቂት ሲሆኑ ግን ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው በኖድ የሚጻፍ አጭር ስክሪፕት ይበቃል። ዋናው ነገር ሁለቱን የተቀዱ ፋይሎች ማንም በእጁ እንዳያርማቸው ነው፤ እኛ ፋይሎቹ አናት ላይ «በእጅ አይነካም፤ ምንጩን አርም» የሚል ማሳሰቢያ ስክሪፕቱ ራሱ እንዲጽፍ አድርገናል።

ማቴሪያል ዩአይ ከስድስተኛ ዕትሙ ጀምሮ፣ ፈቃድ ሲሰጠው፣ ከገጽታው የሲኤስኤስ ተለዋዋጮችን ራሱ ያወጣል፤ አንት ዲዛይንም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ይህ ጠቃሚ ነገር ነው። ነገር ግን እነርሱ ያወጧቸውን ስሞች በራስ ኮድ ውስጥ መጠቀም ቤቱን በሙሉ በአንድ ላይብረሪ ላይ ማሰር ስለሆነ፣ በራሳችን ኮድ ውስጥ የምንጠራው የራሳችንን ስም ብቻ ነው።

ሦስቱ ድልድዮች

ለቡትስትራፕ ሁለት መንገድ አለ። የሳስ ምንጩን ኮምፓይል ማድረግ የሚችል ቡድን፣ ዋናውን ቀለም፣ የጥግ ክብነቱንና የፊደሉን ቤተሰብ ከቡትስትራፕ ፋይሎች በፊት ቢጽፍ ሁሉም ነገር በትክክል ይሰላል፤ የምመርጠውም ይህን ነው። የተዘጋጀውን የሲኤስኤስ ፋይል ብቻ የሚጠቀም ሰው ግን ማወቅ ያለበት አለ። ቢኤስ በሚል ቅድመ ስም የሚጀምረውን የፕራይመሪ ተለዋዋጭ ቢቀይር ዋናው አዝራር አይቀየርም፤ ምክንያቱም አዝራሩ የራሱ ተለዋዋጮች አሉት፣ ዋጋቸውም አስቀድሞ ተሰልቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ በአዝራሩ ክላስ ላይ የመደቡን፣ የጠርዙን፣ ማውዝ ሲያርፍበትና ሲጫኑት የሚሆነውን ተለዋዋጭ አንድ በአንድ ከራስ ቶክን ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። በተጨማሪም የመደብና የጽሑፍ ቀለም ክላሶቹ የሚያነቡት በአርጂቢ የሚያልቀውን፣ ሦስቱን ቁጥሮች በኮማ ብቻ ለይቶ የያዘውን ሌላ ተለዋዋጭ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው ካልተቀየሩ የገጹ ግማሽ በድሮው ሰማያዊ ይቀራል።

ለማቴሪያል ዩአይ ጥሬ ዋጋዎቹ ክሪኤት ቲም ለሚባለው ተግባር ይሰጣሉ። ዋናውን ቀለም ብቻ ሰጥቶ ሌላውን እንዲያሰላ ከመተው ይልቅ ጠቆር ያለውንና የጽሑፉንም ቀለም ራስ መስጠት ይገባል፤ ማውዝ ሲያርፍበት የሚታየው ጠቆር ያለው ነውና። የጽሑፉን ቀለም እንዲመርጥ ሲተውለት፣ ነጭ ጽሑፍን የሚቀበልበት ዝቅተኛ ንፅፅር 3 ለ 1 ነው፤ የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያው ግን ለመደበኛ ጽሑፍ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። ለምሳሌ 22፣ 163፣ 74 የሆነ አረንጓዴ ከነጭ ጋር ያለው ንፅፅር 3.3 ለ 1 ያህል ነው፤ ማቴሪያል ዩአይ ያልፈዋል፣ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በቀትር ፀሐይ ስልኩን የያዘ እንግዳ ግን አያነበውም። የእኛ 15፣ 118፣ 110 ከነጭ ጋር 5.4 ለ 1 በላይ ስለሆነ ይበቃል። ማቴሪያል ዩአይ ይህን ወሰን እንዲቀየር ስለሚፈቅድ 4.5 አድርገነዋል።

አንት ዲዛይን ገጽታውን የሚቀበለው ኮንፊግ ፕሮቫይደር በሚባለው መጠቅለያ ኮምፖነንት በኩል ነው። ዋናው ቀለም፣ የጥግ ክብነት፣ የመቆጣጠሪያ ቁመት፣ የፊደል ቤተሰብና መጠን በቶክን መስኩ ይገባሉ፤ ማውዝ ሲያርፍበት የሚፈካውን ልማዱን ለማስቀረት ለዚያ ሁኔታ የተመደበውን ቶክንም ከጠቆር ያለው ቀለም ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። እርሱ በዋናው አዝራር ላይ የሚጽፈው ጽሑፍ የተመረጠው ቀለም ምንም ይሁን ምን ነጭ ነው፤ ስለዚህ ፈካ ያለ ዋና ቀለም የመረጠ ሰው የጽሑፉን ቶክን አብሮ መስጠት አለበት።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። ሁሉም ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ አንድ ክፍያ ልትሰርዝ ስትል የወጣው የማረጋገጫ ሣጥን በድሮው ሰማያዊ ብቅ አለ። ኮዱን ደጋግመን አየን፤ ስሕተት የለበትም። ምክንያቱ ሣጥኑ የተጠራው በቀጥታ ከሞዳል ተግባር መሆኑ ነበር። የአንት ዲዛይን ሞዳል (ብቅ ባይ ሣጥን)፣ ሜሴጅ (መልእክት) እና ኖቲፊኬሽን (ማሳወቂያ) በቀጥታ ሲጠሩ ሪአክት ከሚይዘው የኮምፖነንቶች ዛፍ ውጭ ስለሚቀቡ የፕሮቫይደሩን ገጽታ አያነቡም። መፍትሔው መላውን ክፍል አፕ በሚባለው ኮምፖነንታቸው መጠቅለልና እነዚህን ተግባራት ከእርሱ መውሰድ ነው። ለተመሳሳይ ምክንያት የሲኤስኤስ ተለዋዋጮቹም በአንድ መያዣ ላይ ሳይሆን በገጹ ሥር ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ተቆልቋይ ዝርዝሮችና ብቅ ባይ ሣጥኖች ብዙ ጊዜ የሚቀቡት ከመያዣው ውጭ፣ በገጹ አካል መጨረሻ ላይ ነውና።

በዌብ ኮምፖነንት፣ ማለትም ብራውዘሩ ራሱ በሚደግፋቸው የራስ ታጎች፣ የተሠራ ላይብረሪ የሚጠቀም ሰው ሥራው ይቀልለታል። የውጭ የስታይል ደንብ ሻዶው ዶም ወደሚባለው የኮምፖነንቱ የተከለለ ውስጥ ባይገባም፣ የሲኤስኤስ ተለዋዋጭ ግን ስለሚወረስ ይገባል።

ፊደላችን የሚጠይቀው

የሀዋሳ ሥራ አንድ ጠባይ አለው። የሲዳማ ክልል መቀመጫ በሆነች ከተማ የሚቀርብ ገጽ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ መነበብ አለበት፤ ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ላይብረሪዎቹ ደግሞ ስለ ፊደላችን ሳያስቡ የተሠሩ ናቸው። የማቴሪያል ዩአይ መነሻ ፊደል የሆነው ሮቦቶ የግዕዝ ፊደላት የሉትም፤ ስለዚህ አማርኛ ሲገጥመው ብራውዘሩ ከመሣሪያው ውስጥ ያገኘውን ይወስዳል። አንዱ ስልክ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ኮምፒውተር ሌላ ዓይነት ፊደል ያሳያል። ቀለሙ ቢስማማ እንኳ ገጹ የተለያየ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከራሳችን ሰርቨር እናቀርባለን። ፊደሉ ሲታወጅ የዩኒኮድ ክልሉ ከ1200 እስከ 137ኤፍ መሆኑ ከተገለጸ፣ ብራውዘሩ ፋይሉን የሚያወርደው ገጹ ላይ የግዕዝ ፊደል ሲገኝ ብቻ ነው፤ በሲዳሙ አፎ ብቻ የሚያነብ ሰው የሞባይል ዳታው በከንቱ አይሄድበትም። የፊደል ቤተሰቡ ቅደም ተከተል አንድ ቶክን ሆኖ ለሦስቱም ላይብረሪ ይሰጣል። ውፍረቱንም መወሰን ይገባል፤ የማቴሪያል ዩአይ አዝራር 500 ሲጠይቅ ሌሎቹ 400 ይጠይቃሉ። እኛ ለሁሉም 500 አድርገናል።

የማቴሪያል ዩአይ አዝራር ጽሑፍን በሙሉ ወደ ትልቅ ፊደል የመቀየር ልማድ አለው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አማርኛው አይለወጥም፤ በአጠገቡ ያለው የሲዳሙ አፎ አዝራር ግን እየጮኸ የሚናገር ይመስላል። ከዚሁ ጋር በፊደላት መካከል 0.4 ፒክስል ያህል ክፍተት ይጨምራል። ይህ ክፍተት ለላቲን ትላልቅ ፊደላት የታሰበ ነው፤ «ክፍል ይያዙ» ሲጻፍበት ግን ፊደላቱ እርስ በርስ የተኳረፉ ይመስላሉ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ጎልቶ መለየቱን ይቀንሳል። ሁለቱንም በገጽታው ውስጥ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የሁለት መስመር ሥራ ነው።

የመስመር ቁመት ሌላው ነው። ከ1.5 ይልቅ 1.65 ለአንቀጽ ጽሑፍ መርጠናል፤ እንደ ቧ፣ ጓ፣ ሟ ያሉት ፊደላት ከታች የሚይዙት ቅጥያ ከሚቀጥለው መስመር ራስ ጋር ሳይጋጭ የሚነበበው በዚህ ልክ ነው። የመቆጣጠሪያዎችን ቁመት 40 ፒክስል ያደረግነው ለዚሁና ለጣት ምቾት ሲባል ነው። የአዝራር ስፋት ግን በቁጥር አይወሰንም፤ አንዱ ቋንቋ በአጭሩ የሚለውን ሌላው በረጅሙ ይለዋልና።

ጨለማ ገጽታ

ቶክኖቹ በሥራቸው ከተሰየሙ ጨለማው ገጽታ የሁለተኛው እርከን ሌላ ቅጂ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ማብሪያው ነው። ቡትስትራፕ ከ5.3 ጀምሮ በገጹ ሥር ላይ የሚጻፍ አንድ አትሪቢዩት ያነባል፤ ማቴሪያል ዩአይ ያንኑ አትሪቢዩት እንዲከተል ሊታዘዝ ይችላል፤ አንት ዲዛይን ግን በጃቫስክሪፕት ጨለማውን አልጎሪዝም እንዲይዝ መነገር አለበት። የተጠቃሚውን ምርጫ የሚያስቀምጠውም አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ማቴሪያል ዩአይ ምርጫውን በብራውዘሩ ማኅደር ውስጥ በራሱ ስም ስለሚያስቀምጥ፣ እኛም በሌላ ስም ስናስቀምጥ ሁለቱ ተለያይተው ገጹ በግማሽ ብርሃን በግማሽ ጨለማ የተከፈተበት ጊዜ ነበር።

የጋራ መሬት

ቡትስትራፕም ማቴሪያል ዩአይም የብራውዘሩን መነሻ ስታይል የሚያስተካክል የየራሳቸው ፋይል አላቸው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ከተገናኙ አንዱን ብቻ ማስቀረት ይገባል። ከ2022 ጀምሮ በዋና ዋና ብራውዘሮች የሚሠራው የሲኤስኤስ ንብርብር አሠራርም እዚህ ይረዳል፤ ቡትስትራፕን በራሱ ንብርብር ውስጥ ብናስቀምጠው፣ ከንብርብር ውጭ ያለው የራሳችን ስታይል ቅድሚያ ያገኛል፣ አስገዳጅ ምልክት በየመስመሩ መጻፍም ይቀራል።

የገጹን መሠረታዊ የፊደል መጠን አትንኩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ከመካከላችን የፊት ገጹን የጀመረው ባለሙያ ሒሳቡ እንዲቀልለት ከ16 ወደ 10 ፒክስል አውርዶት ነበር። ለእርሱ ገጽ ብቻ ሲሆን አልታወቀም። አዲሶቹ ክፍሎች ሲገቡ ግን የቡትስትራፕ አዝራር ከ38 ወደ 24.5 ፒክስል ወረደ፤ የማቴሪያል ዩአይ ወደ 27 ገደማ ጠበበ፤ አንት ዲዛይን በፒክስል ስለሚለካ በ32 ጸና። ሦስቱን እያንዳንዳቸውን ለማስተካከል ስንደክም ከቆየን በኋላ ነው ያችን አንድ መስመር ያገኘናት።

ማረጋገጥና ማደስ

በመጀመሪያ የሠራነው የሙከራ ገጽ አይጣልም። የቶክን ፋይሉ በተቀየረ ወይም አንዱ ላይብረሪ በታደሰ ቁጥር ገጹ ተከፍቶ በሁለቱም ቋንቋ፣ በብርሃንና በጨለማ ገጽታ ፎቶ ይነሣል፤ ከቀድሞው ፎቶ ጋርም ይነጻጸራል። እኛ ከዚህ ሌላ አንድ ፈተና አለን፦ ዋናውን ቀለም ለጊዜው በማንም የማይመረጥ ደማቅ ሐምራዊ እናደርገውና መላውን ሥርዓት እንዞራለን። ሐምራዊ ሳይሆን የቀረ ነገር ሁሉ ከምንጩ የማይጠጣ ነው። በመጀመሪያው ዙር አሥራ አራት ቦታ አገኘን፤ አብዛኛው ቀለሙ በቀጥታ በኮድ ውስጥ የተጻፈበት ሲሆን፣ አንዱ ለእንግዳ የሚላከው የኢሜይል ደረሰኝ ነበር። ብዙ የኢሜይል መክፈቻዎች የሲኤስኤስ ተለዋዋጭን ስለማያነቡ ለደረሰኙ አራተኛ ድልድይ ጻፍንለት፤ ጥሬ ዋጋዎቹን ከምንጩ ወስዶ በየታጉ ላይ በቀጥታ ይጽፋል።

ላይብረሪ ሲታደስ አንድ በአንድ ይሁን። ዋና ዕትም በተቀየረ ጊዜ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ የቶክኖች ስም ነው፤ ያ ደግሞ በድልድዩ ፋይል ውስጥ ብቻ ስለሚገኝ፣ ሌላውን ኮድ ሳይነኩ እዚያው ማረም ይቻላል። ለእያንዳንዱ ድልድይ ፋይል የተሞከረበትን የላይብረሪ ዕትም አናቱ ላይ እንጽፋለን።